ልጓሙ የፈረሱን ጆሮ ሲጫነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ32 ነው። ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል እንዲያምርልኝ ከውጭ የመጣ ዝግጁ የቆዳ ልጓም ገዛሁለት። ከዚያ ወዲህ ልጓም ባየ ቁጥር ራሱን ሽቅብ ይሰቅላል፤ ስጋልበውም ጆሮውን ጥሎ ራሱን ይነቀንቃል። ከጆሮው ኋላ ፀጉሩ ተበልቷል። የጉንጩን ዘለበት ባላላም ለውጥ የለውም። ሻጩ «ይለምደዋል» ይለኛል። ምን ላድርግ? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ አይለምደውም። ቢለምደው ኖሮ ፀጉሩ ባልተበላ።

«ባላላም ለውጥ የለውም» ያሉት ግን ጥሩ ፍንጭ ነው። ከጆሮ ኋላ የሚታየውን ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከፊት ያለው የግንባር ጠፍር ነው። የግንባር ጠፍሩ ሲያጥር ከጆሮው ኋላ የሚያልፈውን የማጅራቱን ጠፍር በግራና በቀኝ ይዞ ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ እሱም ሄዶ ጆሮው ሥር ይሸጎጣል። የጉንጩን ዘለበት በአንድ ቀዳዳም በሁለትም ቢያላሉ የግንባሩ ርዝመት ስለማይለወጥ ጫናው እዚያው ነው።

በእጅዎ ይፈትሹት። ልጓሙን አልብሰው፣ ፈረሱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ሌባ ጣትዎን በጆሮው ግንድና በማጅራቱ ጠፍር መካከል ያስገቡ፤ ሳይታገል መግባት አለበት። ከዚያ ጥቂት ድርቆሽ መሬት ላይ ይጣሉለትና ራሱን ሲያጎነብስ ደግመው ይሞክሩ። ቆሞ ሳለ ልክ የመሰለው ልጓም ሲያጎነብስ ጣትዎን ቆንጥጦ ከያዘ ጠቦታል። ድርቆሹን ሲያኝክ ደግሞ በዓይኑና በጆሮው መካከል ጣትዎን ቢያሳርፉ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል፤ የመንጋጋው መጋጠሚያ ነው። ዘለበት እዚያ ላይ መዋል የለበትም፤ የግንባር ጠፍሩም ተወጥሮ ሊጫነው አይገባም።

ቀጥለው ይለኩ። ልጓሙን አውልቀው፣ የማጅራቱ ጠፍር ማለፍ ያለበትን መስመር፣ ማለትም ከጆሮው ግንድ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ፣ በግራም በቀኝም በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ከግራው ምልክት ተነስተው፣ ከጆሮዎቹ በታች በግንባሩ በኩል ዞረው እስከ ቀኙ ምልክት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። የግንባር ጠፍሩ ከዚህ ልክ በ1 ወይም በ2 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ይሻላል። ልኩ 39 ሆኖ ጠፍሩ 36 ከሆነ የጎደለው 3 ሳንቲ ሜትር በየወገኑ አንድ ተኩል ይደርሳል፤ ያቺን የአንድ ጣት ክፍተት የበላትም እሱ ነው። በጣም ከረዘመ ደግሞ ወደ ዓይኑ ይወርድበታል።

ዝግጁ ልጓም ብዙውን ጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ ፖኒ፣ ኮብ፣ ፉል እየተባለ በመጠን ይሸጣል። በእርስዎ ፈረስ ቁመት ላለ፣ በርዝመት የሚስማማው ፖኒው ወይም ኮቡ ነው። ነገር ግን ፊተ አጭርና ግንባረ ሰፊ የሆነ ፈረስ ከአንዱም ጋር በትክክል አይገጥምም። ትንሹ ግንባሩ ላይ ይጠበዋል፤ ትልቁ ደግሞ ሲያሳጥሩት ዘለበቱ ሽቅብ ይወጣና ያንኑ የመንጋጋ መጋጠሚያ ይጫነዋል። የጉንጩን ጠፍር በአንድ መጠን፣ የግንባሩን በሌላ መጠን ማድረግ ነውር የለውም።

ስለዚህ ልጓሙን አይጣሉት፤ አዲስ የግንባር ጠፍር ያሰፉለት። ኮርቻ የሚሠራ ባለሙያ ካላገኙ እጁ የሰላ ጫማ ሰፊ ይበቃል። ወርዱ ከ2 እስከ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር፣ ቆዳው ለስላሳ፣ የክሩ ቋጠሮ ከፈረሱ ቆዳ በተቃራኒ ወገን ይሁን። ሰፊዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን ቀለበት ነው። በዚያ ቀለበት ውስጥ የማጅራቱ ጠፍር ብቻ ሳይሆን የአፍንጫው ጠፍር ማንጠልጠያም ያልፋል። ቀለበቱ ከጠበበ ሁለቱን አጣምሮ ይጨብጣቸውና ጆሮው ሥር እንደ ጉብታ ያቆማቸዋል። ሁለቱም ጎን ለጎን ተኝተው፣ ሳይጨባበጡ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተቱበት ስፋት ይኑረው።

የአፍንጫውን ጠፍር ካነሳን አይቀር፦ ማንጠልጠያው ቀጭን ሆኖ ከማጅራቱ ጠፍር ሥር ስለሚያልፍ ጫናውን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያከማቸዋል። ለተራ ግልቢያ የአፍንጫ ጠፍር ግዴታ አይደለም፤ አውልቀው ለጥቂት ቀን ይሞክሩ። የጉሮሮው ጠፍር ደግሞ ጭብጥዎ በጉንጩና በጠፍሩ መካከል እስኪገባ ይላላ።

የበግ አጎዛ ከሥሩ መደረብ የብዙዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ በእኛ ግምት የመጨረሻው መሆን አለበት። የጠበበ ልጓም ላይ አጎዛ ሲጨመር ይበልጥ ይጠባል። መጀመሪያ የግንባሩን ልክ ያስተካክሉ፣ የጉንጩን ዘለበት አንድ ቀዳዳ ያላሉ፣ ከዚያ ካስፈለገ ፀጉሩ አጠር ተደርጎ የተከረከመ አጎዛ ያድርጉ፤ ውፍረቱ ጆሮው ሥር ሳይሆን መሐል ማጅራቱ ላይ ይዋል።

የአፉ ብረትም ከጆሮው ጋር ጉዳይ አለው። ረጅም ክንድ ያለው ብረት ዛቡ በተሳበ ቁጥር የማጅራቱን ጠፍር ቁልቁል ይጎትታል። የበዓል ጌጥም እንዲሁ ነው። ዘርፍ፣ ጥልፍ፣ የብረት ቁልፍ፣ ሁሉም ከግንባርና ከማጅራት ጠፍር ላይ ሲንጠለጠል ክብደቱ ጆሮው ሥር ያርፋል፤ በሽምጥ ግልቢያ ደግሞ እየዘለለ ይመታዋል። ጌጡን ወደ አንገቱና ወደ ደረቱ ያውርዱት፤ ለዓይን የሚጎድል ነገር የለውም። ግንባሩ ላይ የግድ ከሆነ መሐል ላይ ይሰፋ፣ ከጆሮው በኩል ያለው ስፌት ጠፍጣፋ ይሁን፣ ለበዓሉም በዚያ ቀን ብቻ ይልበሰው።

አሁን የተበላው ቦታ ፀጉር እስኪያበቅል ድረስ ልጓም አይንካው፤ በለኮ ብቻ ይያዝ። ቆዳው ከቆሰለ ከሁለት ሳምንት በታች አይጠብቁ። በዚህ መሐል የጆሮውን ውስጥ በባትሪ ይዩት። መዥገር፣ ቅርፊት ወይም ሽታ ካለ የሚያመው ልጓሙ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ዘይትም ሆነ መድኃኒት በራስዎ አይጨምሩበት፣ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ከማጅራቱ ላይ ትኩስ እብጠት ካለ ወይም መግል ከያዘ በባዶ እጅዎ አይንኩት፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው የከብት ውርጃ በሽታ ጋር የሚያያዝበት ጊዜ አለ።

ወደ ልጓም ሲመለሱ በጆሮው ላይ አያሳልፉት። የግራውን የጉንጭ ዘለበት ፈትተው፣ የግንባር ጠፍሩንም በዚያው ወገን ከማጅራቱ ጠፍር ላይ አውጥተው፣ የማጅራቱን ጠፍር ከጆሮው ኋላ አሻግረው ያስቀምጡ፣ ብረቱን ያጉርሱ፣ ከዚያ የግንባር ጠፍሩን መልሰው ዘለበቱን ይቆልፉ። ሲያወልቁም እንዲሁ። ራሱን መስቀል ሲተው በተለመደው መንገድ ይመለሱ፤ ያኔም እያንዳንዱን ጆሮ በመዳፍዎ ከሥሩ አቅፈው ወደ ፊት እያሳለፉ እንጂ እያጠፉ አይሁን። ለማስቆም ብሎ ጆሮ መጠምዘዝ በአካባቢዎ የተለመደ ከሆነ በዚህ ፈረስ ላይ ማንም እንዳይሞክረው።

የመጨረሻው ፈተና ላቡ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከጋለቡ በኋላ ልጓሙን ሲያወልቁ ከጠፍሩ ሥር ያለው ላብ ወጥ መሆን አለበት። በእርጥቡ መሐል ደረቅ ነጥብ ካዩ ጫናው እዚያ ከብዷል፤ ፀጉሩ ከተተራመሰ ጠፍሩ ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ የጋሪ ፈረሴን የማስረው በናይለን ገመድ ነው። ከጆሮው ሥር እየቆረጠው ነው፤ ቆዳ ለመግዛት ደግሞ አቅም የለኝም። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ቆዳ አያስፈልግዎትም፤ ስፋት ነው የሚያስፈልግዎት። ቀጭን ገመድ ክብደቱን በጠባብ መስመር ላይ ስለሚጥል ይቆርጣል፤ በላብና በአቧራ ሲደርቅ ደግሞ ይሻክራል። ከአሮጌ ሸራ 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ቆርጠው ሦስት እጥፍ ያድርጉትና ዳርና ዳሩን ይስፉት፤ 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ማጅራት ይወጣዋል። ቋጠሮውን ከጆሮው ሥር አንስተው ወደ ጉንጩ መሐል ያውርዱት። የዓይን መከለያ ካለው ማሰሪያው ከጆሮው ፊት እንዳይፋተግ ይዩት።

ማታ ማታ ሸራውን በውኃ አለቅልቀው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ቁስል ያለበትን ፈረስ ማሰሪያ ለሌላ ፈረስ አያውሱ፤ በቁስል በኩል የሚተላለፍና እንደ ዶቃ ተከታትሎ የሚያብጥ የቆዳ በሽታ አለ። እንዲህ ያለ እባጭ ካዩ ፈረሱን ለይተው ሐኪም ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ፈረስ ግልቢያ ትማራለች። ከጆሮው ኋላ ጎድጎድ ተደርጎ የተቆረጠ ልጓም ግዙ ተባልን፤ ዋጋው ከተራው በብዙ ይበልጣል። ይገባዋል? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አቆራረጡ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ጠፍሩ መሐሉ ሰፊ ሆኖ ጆሮው ጋ ወደ ኋላ ይሸሻል። ነገር ግን የግንባሩ ጠፍር ካጠረ ያንንም ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ ያኔ የከፈሉት ገንዘብ በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ሳይገዙ በፊት ከላይ እንዳልነው ለክተው፣ አሁን ባለው ልጓም ላይ ልኩ የሆነ የግንባር ጠፍር ብቻ ቀይረው ይሞክሩ። ፈረሱ የትምህርት ቤቱ ከሆነ ደግሞ ልጓሙን ማስተካከል የነሱ ድርሻ ነው፤ ልኩን በወረቀት ጽፈው ለአሠልጣኟ ይስጧት።