መልስ፦ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ሳይለቁ ሁለተኛ ዲግሪ ስለ መማር

ሥራዎን አይልቀቁ። በኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ለዓመታት የሠራ ኬሚስት በአካባቢና ዘላቂ ልማት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሥራ መልቀቅ አለበት ወይ ብለው ለጠየቁት መልሴ ይኸው ነው፤ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ከተማሩ ደመወዝዎም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጥናትዎ የሚያስፈልግዎ የፋብሪካው በር ከእጅዎ አይወጣም።

በቅድሚያ ለትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይዘጋጁ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተመረቁበት ተቋም እስኪላክ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ስላለው፣ የዘንድሮውን መርሐ ግብር ከሬጅስትራሩ በአካል ሄደው ያረጋግጡ።

የኬሚስትሪ መሠረትዎ እንቅፋት ሳይሆን ትልቁ ሀብትዎ ነው። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም (ከክሩ ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ቀለም) ሲቀለም ብዙ ጨው እንደሚፈልግ፣ ያም ጨው በባክቴሪያ በሚሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ሳይነካ አልፎ እንደሚወጣ እርስዎ ያውቃሉ፤ ማጣሪያው ቢኦዲውን (ባክቴሪያ በውኃው ያለውን ቆሻሻ ሲያፈርስ የሚፈጀውን የኦክስጅን መጠን) ዝቅ አድርጎ ውኃው ጥርት ብሎ ቢታይ እንኳ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ቢለኩ ጨው መኖሩን ያገኙታል። እንዲህ ያለ ውኃ በገባበት ወንዝ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አፈሩ ላይ የሚቀርበት ይኸው ጨው ነው። ቦርከና ወንዝ አጠገብ ሆነው ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ከፋብሪካው አስተዳደር የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኙ ፕሮፖዛል አያስገቡ። አብሮኝ የተማረ ሰው በቃል ተፈቅዶለት ናሙና ሲሰበስብ ቆይቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ተከለከለና ርዕሱን ለመለወጥ ተገደደ። ናሙናው ከየት እንደሚወሰድና ውጤቱ በምን መልክ ይፋ እንደሚሆን በደብዳቤው ላይ በግልጽ ያስጽፉ።