ፐልስ (የልብ ምት) በእጃችሁ ያዙ

አንዷ የነርስ ተማሪ ሰሞኑን «ሲስተር፣ የተቆረጠው ሳንባ፣ የሚረበሸው ልብ፣ ምን አገናኛቸው?» አለችኝ። መለስኩላት፣ ማታ ግን የዘጌው አባባ ትዝ ብለውኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አባባ የቡና ሰው ናቸው። ሳንባቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ አዲስ አበባ አንዱ ክፍል ተቆርጦ ወጣላቸውና፣ ለጊዜው ወደ ዘጌ የሚያሻግረው ጀልባ ይጎዳቸዋል ተብሎ ባህር ዳር ልጃቸው ቤት አረፉ። ጎረቤት ስለሆንኩ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ገባሁ፣ ቡና ተፈልቷል፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ እሳቸው ቀስ ብለው «ልቤ እንደተያዘች ዓሣ ትፈራገጣለች» አሉኝ። ልጃቸው «ሐሳብ ነው አባባ፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ» አለች። እጃቸውን ያዝኩ። ምቱ ሦስቴ ይከታተላል፣ ይዘላል፣ ደሞ ይሮጣል፣ ወጥ የሚባል ነገር የለውም። ዛሬውኑ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሱ ስል «ሰኞ በጠዋት እንወስዳቸዋለን» ተባለ። ድንገተኛ ክፍል እሁድ አይዘጋም ብልም ማን ይስማኝ። ለሰኞ አጥቢያ አፋቸው ተጣመመ፣ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ ቡና የለቀሙት በአንድ እጅ ነው።

የሚቆጨኝ ከሆስፒታል ሲወጡ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ምግቡ ሁሉ ተነግሯቸው ስለ ልብ ምት አንድ ቃል አለመነገሩ ነው። ሳንባ ሲቆረጥ ልብ አጠገብ ያሉት ደም ስሮች ይነካካሉ፣ ሰውነት ይቆጣል፣ የልቡ የላይኛው ክፍል መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የምትሉት። አንድ የሳንባ ክፍል ከወጣላቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ያገኛቸዋል፣ አንዱ ሳንባ ሙሉ ከወጣ ይብሳል። ብዙውን ጊዜ በ2ኛው ወይ በ3ኛው ቀን ነው፣ ቤት ከተገባ በኋላም ግን ይመጣል። እዚያው ደም ረግቶ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ አባባን የመታቸውም ይሄው ነው።

የዛሬ ልጆች ስክሪን እንጂ በሽተኛ አታዩም፣ አትቆጡኝ። ሞኒተር (የልብ ምት የሚያሳየውን ስክሪን) አትመኑ ማለቴ አይደለም፣ በኛ ጊዜ ቢኖርማ እኔም ከሱ አልነሳም ነበር። ግን ቤት ድረስ አይከተልም።

በነገራችን ላይ በ1933 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሙሉ ሳንባ አውጥቶ የተሳካለት አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኤቫርትስ ግራሃም፣ አጫሽ ነበርና፣ ራሱ በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ፣ በሽተኛው ከሱ በኋላ ኖረ። ሲጋራ የምታጨሱ እዚህ ጋ ቆም በሉ።

ልጅቷ ቀጥላ «ታዲያ ደሙ እንዳይረጋ የሚሰጠው ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ነው?» አለች። አይደለም፣ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ምታቸው ይስተካከላል፣ ሐኪሙ ኢሲጂውን፣ ዕድሜውን፣ ግፊቱን፣ ስኳሩን አይቶ ይወስናል። ተሻለኝ ብሎ በራስ ማቆም ግን የለም።