መልስ፦ ሶፍትዌሩ «ያልፋል» ካለ እንጨቱን ልቁረጥ?

የግንባታ ስሌት ሶፍትዌሩ የጣሪያ ትረሱን (ጣሪያውን የሚሸከመውን የእንጨት ማዕቀፍ) እንጨቶች በሙሉ አረንጓዴ፣ ማለትም «ያልፋል»፣ ስላደረገልዎት መቁረጥ ይጀመር እንደሆነ ጠይቀዋል። ትንሽ ይታገሡ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሞክሩት፦ የትረሱ ርዝመት 8 ሜትር፣ በትረሶቹ መካከል ያለው ርቀት 0.6 ሜትር፣ ጠቅላላ ጭነቱ በካሬ ሜትር 1.5 ኪሎኒውተን (አንዱ ኪሎኒውተን የ100 ኪሎግራም ያህል ክብደት ነው) ቢሆን አንዱ ትረስ 7.2 ኪሎኒውተን ይሸከማል፤ በየጫፉ ያለው ግድግዳ 3.6 ይደርሰዋል። ኮምፒውተሩ ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ካወጣ ያስገቡትን መረጃ ይጠራጠሩ። እኔ ሚሊሜትርና ሜትር አደባልቄ ግማሽ ቀን ሶፍትዌሩን ስረግም ውያለሁ።

ከዚያ ነፋሱን ይዩ። ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያን ነፋስ ወደ ላይ ሲስበው ኃይሉ ይገለበጣል፦ ሲወጠር የኖረው የታችኛው አግዳሚ ይታመቃል፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነም ወደ ጎን ይጎብጣል። ሶፍትዌሩ በየስንት ሜትሩ የጎን ድጋፍ አለ ብሎ እንዳሰላ ሪፖርቱ ውስጥ ይፈልጉ። ድጋፉ በሥዕሉ ላይ ከሌለ ያ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው።

የግድግዳው ቋሚዎች ከትረሶቹ ሥር በትክክል ቢውሉ ይመረጣል። ካልሆነ በላያቸው የሚያልፈውን አግዳሚ ለብቻው ያስሉት።