ለሲቢሲ በተቀዳ ደም ቲአይቢሲ ልስራ ወይ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለማስተርስ ቴሲስሽ የነፍሰ ጡሮችን አይረን ልታጠኚ ነው፣ ኤኤንሲ (የነፍሰ ጡር ክትትል) ክፍል ለሲቢሲ፣ ማለትም ለደም ሴል ቆጠራ፣ ተቀድቶ የሚተርፍ ደም ስላለ ቲአይቢሲውን፣ ማለትም ደሙ በጠቅላላ ስንት አይረን መሸከም እንደሚችል የሚለካውን፣ ከሱ ልስራው ወይ ነው ያልሽው። በፍጹም እንዳትሞክሪው!

1. ሲቢሲ የሚቀዳበት ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ አለው፣ ኢዲቲኤ ደግሞ አይረን ካገኘ ጠምዶ ይይዛል። ዩአይቢሲ (አይረን ያልያዘውን ባዶ ቦታ የሚለካው) ስትሰሪ አልካላይን በሆነ ፒኤች ልኩ የታወቀ አይረን ትጨምሪያለሽ፣ አይረን ተሸካሚው ፕሮቲን ትራንስፈሪን የቻለውን ይወስዳል፣ የተረፈውን ከአይረን ጋር ቀለም በሚሰጠው ፌሮዚን 562 ናኖሜትር ላይ ታነቢያለሽ። ኢዲቲኤ ካለ ግን የተረፈውን እሱ ይወስደውና ማሽኑ ትራንስፈሪን የወሰደው ይመስለዋል። አይረኑ ዝቅ፣ ዩአይቢሲው ከፍ ይላል፣ ሳቹሬሽኑ (አይረኑ ከቲአይቢሲው ስንት በመቶ እንደሆነ) ወለል ይነካል፣ ጤነኛዋ ሴት ሁሉ አይረን ያነሳት ሆና ትወጣለች። ቁጥሩ ደግሞ ክፋቱ ለነፍሰ ጡር የሚታመን ይመስላል።

እኔ ጋ የመጣው ጣጣ ይሄ ነው። ደም ይቀዳልን የነበረ አንድ ጤና ጣቢያ ቀይ ክዳን (ኢዲቲኤ የሌለበት) ቲዩብ ሲያልቅበት ከሐምራዊው ወደ ቀይ እየገለበጡ ላኩልን፣ አንድም ሰው አልነገረንም። ውጤቱን ሳየው አልዋጥልህ ስላለኝ በዛው ሴረም ፖታሲየምና ካልሲየም ሰራሁ፣ ፖታሲየሙ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊኖረው የማይችል፣ ካልሲየሙ የለም ማለት ይቀላል። የሐምራዊው ቲዩብ ኢዲቲኤ ፖታሲየም ያለው ጨው ነው፣ ካልሲየምንም ጠምዶ ይይዛል፣ ያኔ ገባኝ። ሱፐርቫይዘሬ እንኳን ያላየውን ነው ያገኘሁት፣ እስካሁን ደስ ይለኛል። ውጤቱን ይዤ ጤና ጣቢያው ስሄድ ግን ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ደም ደም ነው፣ ክዳኑ ምን ያደርግልሃል፣ ቅሬታ ካለህ ደብዳቤ አጽፈህ ና" አለኝ። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ግማሾቹ እናቶች ወልደዋል፣ ድጋሚ የሚቀዳ ደም የለም፣ ያ ሁሉ ሳምፕል ወደቀ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፣ እነዛ ሴቶች ክንዳቸውን የሰጡት ለሳይንስ ብለው ነው።

2. ኪትሽ ትርፉን አይረን በማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት የሚያስወግደው ከሆነ ማባዣውን አትርሺ። ግማሽ ሚሊ ሴረም ላይ አንድ ሚሊ ማጥገቢያ አይረን ከጨመርሽ ውጤቱ በ3 ይባዛል። ዱቄቱ ትርፉን አይረን ከያዘ በኋላ በደንብ ሴንትሪፊዩጅ አድርጊው፣ ከላይ ትንሽ ዱቄት እንኳን ተንሳፍፎ ከገባ ንባቡን ያደፈርሰዋል።

3. የቧንቧ ውሃና በቧንቧ ውሃ የታጠበ ብርጭቆ አይረን አለው። ዲአዮናይዝድ ውሃና አዲስ ፕላስቲክ ተጠቀሚ፣ ብርጭቆ ግድ ከሆነ 10% ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አሳድሪው። ብላንክሽ (ሴረም የሌለበት ማነጻጸሪያሽ) ቀለም ካሳየ የዛን ቀን ስራ አትጀምሪ። ሄሞላይዝድ የሆነ (ቀይ የደም ሴል ፈርሶበት የቀላ) ሴረምም አትቀበዪ፣ ማንም ቢቆጣሽ።

ሌላው እናቶቹ በየቀኑ የአይረን ፎሊክ ኪኒን ይወስዳሉ። አቁሙ አትበያቸው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ የዕለቱን ሳይውጡ ይቀዱ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደዋጡም መዝግቢ። በየመጽሐፉ ያለው የቲአይቢሲ ልክ 250–450 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ላላረገዘች ነው፣ በእርግዝና ቲአይቢሲ በራሱ ይጨምራል፣ ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት የሚያሳየውን) እና ሲአርፒ (ኢንፌክሽንና ብግነት የሚጠቁመውን) አብረሽ ካልሰራሽ ኤግዛሚነሮቹ አይለቁሽም። ወደ ማይክሮሞል ስትቀይሪ በ0.179 አባዢ፣ ሳቹሬሽን ስታሰዪ አይረኑም ቲአይቢሲውም በአንድ ዩኒት ይሁኑ።

አሁኑኑ ኢቲክስ ኮሚቴው ጋ ማሻሻያ አስገቢ፣ በአንድ መርፌ አንድ ቀይ ቲዩብ ይጨመርልኝ በይ፣ ለማስፈቀድ ከባድ አይደለም። ሲቀዳ ቀዩ ይቅደም፣ ሐምራዊው ይከተል። ቲዩቡን ራስሽ ገዝተሽ ቆጥረሽ አስረክቢያቸው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ ሲቀዱ አጠገባቸው ቁሚ።