አያትየዋንም አስገቧቸው

በቅርቡ የተመረቀች አንዲት የሙያ ልጄ «መስማት የተሳነውን ሕፃን ወላጆች መጀመሪያ ምን ልበላቸው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ ነገር ተቀሰቀሰብኝ።

በማጅራት ገትር ታሞ መስማት የተሳነውን የሦስት ዓመት ልጅ እናቱና አያቱ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ይዘውት ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። ክፍሉ ጠባብ ነው ተብሎ አያትየዋ ኮሪደር ላይ ቀሩ፤ እናትየዋ የባትሪ አቀያየር ተምራ የልጁን የመስሚያ መሣሪያ ተቀብላ ሄደች። በዓመቱ ሲመለሱ መሣሪያው በሻሽ ተቋጥሮ ነበር። ልጁ ሲያድግ በጆሮው ልክ የተሠራው ላስቲክ ላልቶ ማፏጨት ስለጀመረ፣ እናቱ ይጎዳዋል ብላ ፈርታ አውልቃዋለች። ላስቲኩ በየጊዜው መቀየር እንዳለበት የነገራት አልነበረም።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን በዚያው ቀን ኮሪደሩ ላይ ያየሁት ነው። አያትየዋ አገጫቸውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርገው ጢም ሲያሳዩት፣ ልጁ ሁለት ጣቱን ቀስሮ እጆቹን እንደ እሹሩሩ አወዛወዘ። ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው «ፍየላችን መንታ መውለዷን እየነገረኝ ነው» አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ከልጁ ጋር ሲጨዋወቱ የኖሩት እኛ ውጭ ያስቀመጥናቸው ሴት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አልመጡም።

እናንተ ወጣት ባለሙያዎች ከእኛ ይልቅ የተማራችሁ ናችሁ፤ ዓይናችሁ ግን ከኮምፒውተሩ አይነሣም፣ ቤተሰቡንም ታጣድፋላችሁ። ይህን እያልሁ ደግሞ ፍጠኑ እላለሁ፦ የሕፃን ጆሮ በ1 ወሩ ተፈትሾ፣ ችግሩ በ3 ወሩ ታውቆ፣ ድጋፉ በ6 ወሩ ቢጀመር ይመረጣልና። ከማጅራት ገትር የዳነ ሕፃን ጆሮው መመርመር እንዳለበት ስለምታውቁ አልደግመውም።

ወላጆችን «መሣሪያ ወይስ የምልክት ቋንቋ?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። በእጁ የሚናገር ልጅ አንደበቱ ይዘጋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ አእምሮውን የሚጎዳው በልጅነቱ ያለ ቋንቋ መቅረቱ ነው። መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ፣ እናትና አባት መስማት የተሳነው ጎልማሳ ሠርቶ ሲኖር አይተው ላያውቁ ይችላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ዛሬ በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች አሉ። ለዚያች ልጅም ያልኋት ይህንኑ ነው፦ የምርመራውን ውጤት ከማስረዳትሽ በፊት ቤት ውስጥ ከሕፃኑ ጋር ማን እንደሚውልና በምን እንደሚግባቡ ጠይቂ፣ ሳይሸኙም መስማት ከተሳነው የቤተሰብ ኃላፊ ጋር አስተዋውቂያቸው።