ክትባት የወሰደ ሰው የአውሬውን ማኅተም ተቀብሏልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ገላን አካባቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. በምሠራበት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የኮሮና ክትባት ሲሰጥ ተሰልፈን ተከተብን፤ ምን እንደሆነ ያስረዳን ሰው ግን አልነበረም። ማታ ለጽዋ ማኅበራችን ለአንዲት እናት ብነግራቸው «ልጄ፣ የአውሬውን ማኅተም ተቀበልሽ፤ እምነት ቢኖርሽ ጠበሉ በበቃሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥጋ ወደሙ አልቀረብሁም። እኒሁ እናት አሁን የልጅ ልጃቸውም እንዳይከተብ ከልክለዋል። እኔም በ2012 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት የቤተ ክርስቲያን በር ተዘግቶብን ገበያው ግን በሰው ተጨናንቆ ስላየሁ፣ መንግሥት ያመጣውን ነገር ማመን ከብዶኛል። ይህስ ኃጢአት ይሆንብኛልን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ክትባት መውሰድሽ ከቅዱስ ቁርባን የሚከለክል ኃጢአት አይደለም። ለመቁረብ የሚያስፈልገውን ዝግጅት ታውቂያለሽና ወደዚያ አልገባም። እኔን ያሳዘነኝ፣ ይህን ያህል ዘመን የንስሐ አባትሽን ሳትጠይቂ በጎረቤት ቃል ብቻ ራስሽን ከጌታ ማዕድ ማራቅሽ ነው። እኒያ እናት በክፋት እንዳልተናገሩ አምናለሁ፤ ፈርተው ነው የተናገሩት፤ ፍርሃታቸው ግን ያልታሰረውን አስሮ አንቺን ከቅዱስ ቁርባን አስቀርቷል።

የጠየቅሽውን ጉዳይ ከብዙ ምእመናን አፍ ሰምቼዋለሁ። በግራ ክንዳቸው በመወጋታቸው የተጽናኑ፣ በቀኝ ክንዳቸው የተወጉ ደግሞ ራእየ ዮሐንስ «ቀኝ እጅ» ይላልና ብለው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ስሕተት አንድ ነው፤ ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ፣ በቆዳው በኩል ብቻ፣ ክርስቶስን ሊክድ ይችላል የሚል ነው። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

አውሬው ሰዎችን በቀኝ እጃቸው ወይም በግንባራቸው ምልክት እንደሚያስቀበል የሚናገረውን ራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 13ን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ምዕራፍ 14 ሳይደርሱ ያቆማሉ። በዚያ ቍጥር 9 ላይ መልአኩ የሚያስጠነቅቀው ለአውሬውና ለምስሉ የሚሰግደውን፣ ምልክቱንም የሚቀበለውን ነው። ስግደቱና ምልክቱ አልተለያዩም፤ ምልክቱ ልብ አስቀድሞ ለማን እንደ ተገዛ የሚያሳይ ነውና። በዘመነ ሰማዕታት ክርስቲያኖችን ያሠቃዩ የነበሩ መኳንንት ሰማዕታቱን በአደባባይ አቁመው «ለጣዖት ስገድ፣ ዕጣን አጥን፣ ክርስቶስን ካድ» ይሏቸው ነበር እንጂ፣ በስውር ነክተው ካሃዲ ለማድረግ አልሞከሩም። ቅዱስ ጊዮርጊስን ያን ሁሉ መከራ ያጸኑበት ከአፉ አንዲት የክህደት ቃል ለማውጣት ነበር። ክህደት የፈቃድና የአንደበት ነገር ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሥቃይ ለምን ባስፈለጋቸው? ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፉ የሚገባው ሳይሆን ከልቡ የሚወጣው እንደሆነ አስተምሮናል።

አንቺ በሰማንያ ቀንሽ ተጠምቀሽ፣ በተቀደሰው ቅባት በቅዱስ ሜሮን ታትመሻል። በአንድ የክትባት መርፌ ይህ ማኅተም የሚፋቅ የሚመስለው ሰው ስለ ጥምቀቱ ያለውን እምነት ቢመረምር ይሻለዋል። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው የአውሬውን ኃይል ከሜሮኑ ኃይል አስበልጠው የሚያወሩ ሰባክያን ስለ በዙ ነው። ለመሆኑ የእኒያን እናት ክንድ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? በእርሳቸው ዕድሜ ካሉት እናቶች የብዙዎቹ ክንድ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለ። ከቤት ቤት እየዞረ በተሰጠው በዚያ ክትባት ምክንያት ነው ፈንጣጣ በ1968 ዓ.ም. ከአገራችን የጠፋው። ያንን ጠባሳ ማንም የአውሬው ማኅተም አላለውም። የፖሊዮ ጠብታ የያዙ የጤና ባለሙያዎች በራችንን ሲያንኳኩም ሕፃናቱን አቅፈን የምናወጣ እኛው ነን።

ወደ አገራችን በመጀመሪያ የገባው የኮሮና ክትባት በ2013 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ የደረሰው አስትራዜኔካ ነው፤ በመጋቢት መጀመሪያም ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ጀመረ። በውስጡ ያለው እንዳይራባ ተደርጎ የተለወጠ ቫይረስ ሲሆን፣ ሥራውም ሰውነታችን የኮሮናን ቫይረስ አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲዘጋጅ ማድረግ ነው። ፈጽሞ ጉዳት የለውም ብዬ ግን አላታልልሽም። የክንድ ሕመምና ትኩሳት በብዙዎች ላይ ታይቷል፤ እጅግ በጥቂቶች ላይም የደም መርጋት በመታየቱ በ2013 ዓ.ም. አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች መስጠቱን ለጊዜው አቁመው በኋላ በዕድሜ ገድበውታል። ይህን የመሰለ ነገር ከሐኪም ጋር የሚመከርበት የጤና ጉዳይ ነው። ስለ ጤናው ሐኪም የጠየቀ ሰው በእምነቱ ደካማ አይባልም፤ የሐኪሙን ጥያቄ ወስዶ የአጋንንት ታሪክ የሚያደርገው ግን ምእመናንን ያሰናክላል።

«እምነት ቢኖርሽ ጠበሉ በበቃሽ» የሚለው ቃል ከማኅተሙ ወሬ ይልቅ ያሳስበኛል፤ መንፈሳዊ መስሎ ስለሚሰማ ሰው በቀላሉ ይቀበለዋል። ጠበል ይፈውሳል፤ በጠበል የዳኑትን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 የንጉሥ ሕዝቅያስን ነገር አንብቢ። ንጉሡ ለሞት ታሞ ሳለ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ «እፈውስሃለሁ፤ በዕድሜህም ላይ 15 ዓመት እጨምራለሁ» አለው። ይህን የመሰለ ተስፋ ከእግዚአብሔር አፍ የሰማ ሰው ሌላ ምን ያስፈልገው ነበር? ሆኖም ያው ነቢይ፣ ተስፋውን የነገረው ኢሳይያስ፣ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩለት አዘዘ። ነቢዩ እምነት ጎድሎት ነውን? ፈዋሹ አንድ እግዚአብሔር ስለሆነ የተስፋው ቃልም የበለሱ ጥፍጥፍም ከእርሱ እንደሆኑ ስላወቀ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነውና አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። በኤች አይ ቪ ዘመን በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በጣሉ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ አስተምረዋል። ትምህርቱ በዚያን ጊዜ ተሰጥቶ ሳለ፣ በእኛ አጥቢያ አንዲት እናት የስኳር መርፌያቸውን «ለእምነቴ ስል» ብለው አቁመው፣ ራሳቸውን ስተው በቃሬዛ ከጠበሉ ቦታ ሲወጡ አይተናል። እንዲህ እንዲያደርጉ የመከራቸው ሰው የትኛው ጳጳስ እንደ ላከው ሊነግረን አልቻለም። ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ የጠቀሰለት ከመዝሙረ ዳዊት ነበር፤ የጌታችን መልስም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነው።

አሁን ወደ መንግሥት ነገር ልመለስ። አለማመንሽ በራሱ ኃጢአት አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን ከተገኘ በኋላ፣ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ታክሲ በግማሽ ጭኖ እጥፍ ያስከፍል ጀመር። ለቀን ሠራተኛ ያ እጥፍ ዋጋ ምን ማለት እንደ ነበር ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች እናውቀዋለን። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ብዙዎቻችን በቤታችን ሆነን ስናከብር፣ በዋዜማው የበግና የዶሮ ገበያው ትከሻ ለትከሻ የተጋፋ ሰው ነበረበት። ይህ አላግባብ ነበር፤ መናገርም መብትሽ ነው። ፋብሪካሽም ሠራተኛን ያለ ማስረዳት አሰልፎ ማስከተቡ ልክ አልነበረም፤ ሰው በአክብሮት ሊነገረውና በፈቃዱ ሊወስን ይገባል።

ነገር ግን አበው የምእመናንን መሰብሰብ መገደባቸውን እንደ ክህደት አትቍጠሪው። በዚያን ሳምንት ካህናቱ በቁጥር ተወስነው ጸሎቱን አድርሰዋል፤ ቅዳሴ አልታጐለም። በኦሪትም ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ለምጻሙን መርምሮ ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ የሚያዝዘው ካህኑ ራሱ ነው፤ ይህን በማድረጉም ሕዝቡን ጠበቀ እንጂ እግዚአብሔርን አልካደም። አባቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ በጸሎት ተግተዋል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት ቆሻሻ ጠርገን ማጠናችንም ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ይነገራል። መጥረጊያውን ከጸሎቱ ጋር የሚያጣላ ማንም አልነበረም። መንግሥት ባጠፋው ተቆጪ፤ ይሁን እንጂ ቍጣሽ መድኃኒቱን ማን እንዳመጣው ብቻ እያየ የሚመርጥልሽ አይሁን።

በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ ስለ ክትባቱ ሳይሆን ያለ ምክራቸው ከቁርባን ስለ መራቅሽ ንገሪያቸው፤ ቀኑንም እርሳቸው ይወስኑልሽ። ከእኒያ እናት ጋር አትጣዪ፤ ከጽዋውም አትቅሪ። የልጅ ልጃቸው ጉዳይ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወሩ ተጀምሮ በአሥራ አምስት ወሩ የሚደገም ነው፤ በሽታውም በየጊዜው በየአካባቢው እየተነሣ ሕፃናትን ይገድላል። ይህን መልስ አንብቢላቸው፤ ከእኔ መስማት ከፈለጉም ከቅዳሴ በኋላ ይዘሻቸው ነይ፤ የሕፃኑንም እናት አግኝታችሁ ልጁን አብራችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።