ጨጓራዬ ነው እያለ ተራራ የሚወጣው ጎረቤቴ

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ከሰላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። እዚህ ከዚራ ሰፈር ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ትልቁም ትንሹም "ሲስተር" ነው የሚለኝ። ዛሬ ስለ አንድ ጎረቤቴ ልጻፍላችሁ። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እናንተ ምክር ብላችሁ አንብቡት፤ ለእኔ ግን ንስሐ ቢጤ ነው።

ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ያደገ መካኒክ ነበር። የባቡሩ ሥራ ሲቀዘቅዝ የውሃ ፓምፕ እየጠገነ ሦስት ልጆች አሳደገ። እሁድ ቤቱ ሄዳችሁ አታገኙትም። የሰፈሩ ወንድ በርጫውን ሲያሰናዳ እሱ ልጆቹን አስከትሎ አንድ ገደል ሥር ነው። "አቦ፣ ቤት ውስጥ ምን አለ?" ይላል። ሚስቱም አትቀርም። እስከ ግማሽ መንገድ እያማረረች፣ ከዚያ በኋላ ከሁሉም ፊት ፊት።

ሰው ደፋር ይለው ነበር። እኔ የማውቀው ጠንቃቃ ሰው ነው። ቢጫ ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ይጠቀልላል፤ ነፋሱ ጆንያውን ሲያደርቀው ውሃው ይቀዘቅዛል። ከመውጣቱ በፊት በግቢው የብረት በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። "ደንገጎ። ከልጆቹ ጋር። 11 ሰዓት እንመለሳለን።" እኔ ጎረቤቲቱ ሳልቀር በሩን አይቼ የት እንዳሉ አውቃለሁ። 12 ሰዓት ካለፈ ማን ጋ መደወል እንዳለብኝም በሩ ላይ አለ።

ልጆቹ ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወቱ የእሱ ዓይን ከደንገጎ ተራራ አይነሳም። "ድሬ ላይ ያለውን ሰማይ አትመኑ፤ ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ነው" ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ድሬ ዝናብ ሳይጥል፣ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስለዚያ ሌሊት ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ደመና ሳያይ እግሩን አሸዋው ላይ አላሳረፈም።

አንድ ቀን እኔንም ጎትቶ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ወሰደኝ። ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ድሬ ኖሬ ረግጬው አላውቅም ነበር። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ዋሻውን በ1929 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቁት ፈረንሳዮቹ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን ናቸው። ከውስጡ 40 ኪሎ ያህል ቀይ የቀለም ድንጋይ ወጥቷል፤ በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ሰው እየፈጨ ቀለም ያወጣበት የነበረ። ትንሿ ልጁ "ምን ሊቀቡ ነው?" አለችው። "እኔ ምን አውቄ፣ ምናልባት እንዳንቺ ጥፍራቸውን" አላት። እንዲህ ነበር። የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ያስቃል።

ከሁሉ የሚወደው ግን ቁንዱዶን ነው። አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለው፣ ዱር የለመዱ ፈረሶች ያሉበት ተራራ። ከሐረር ወዲያ ነው። ፈረሶቹን ከሩቅ ለማየት ሲል ልጆቹን በሌሊት ቀስቅሶ ይወጣል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከመሞቱ ሦስት ወር በፊት እኔ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ሁለተኛው ሲቀዳ እጁን ደረቱ መሀል አሳረፈና "ሲስተር፣ ይቺ ጨጓራዬ አስቸገረችኝ" አለ። ምን ታደርግሃለች አልኩት። "ዳገት ስወጣ እዚህ ጋ እንደ ቀበቶ ጥብቅ ታደርገኛለች። ድንጋይ ላይ ቁጭ ስል ትለቀኛለች።" እኔስ ምን አልኩ? "በርበሬ ቀንስ።" ሳቅን። የደም ግፊት መለኪያዬ ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ቦርሳው ውስጥ ተሰቅሏል። ሁለት እርምጃ። አልተነሳሁም።

ለምን? ቀጭን ነው። አይቅምም፣ አያጨስም፣ ተራራ ይወጣል። 54 ዓመቱ ነው፤ ከልጆቹ ቀድሞ ይደርሳል። በሰላሳ ዓመት ውስጥ የስንቱን ክንድ ጠቅልያለሁ፤ የእሱን አንድ ቀን አልጠቀለልኩም። እናቱ በስትሮክ እንደሞቱ እያወቅኩ።

የሞተው ገደል ላይ አይደለም። ጎርፍ አልወሰደው፣ እባብ አልነደፈው። ማክሰኞ ማታ እራቱን በልቶ፣ ሶፋ ላይ ዜና እያየ ነው። ሚስቱ እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ድምፁን ቀነሰችለት። ልቡ ነው ተባለ። አስከሬኑ አልተመረመረም፤ እኔ ግን የቡናውን ቀን አስታውሳለሁ።

እና ልጆቼ፣ ጨጓራ ስትበሉም ሲርባችሁም ሌሊትም ያማል። ዳገት ስትወጡ ወይም ስትሮጡ መጥቶ፣ ስታርፉ የሚለቅ የደረት መጨነቅ ግን ልብ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ከዘለቀ ደግሞ ይበልጥ። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ልክ እሱ እንዳለው በሉ፦ "ስወጣ ይይዘኛል፣ ስቀመጥ ይለቀኛል።" የልብ ምርመራ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። እያረፋችሁ ካልለቀቀ፣ ላብ ላብ ካላችሁ፣ ያኔ ባጃጅ ጥሩና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ጎረቤት ነርስ አትጠብቁ።

ግፊትም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያዞርም። "ደህና ነኝ" ስላላችሁ ደህና አይደላችሁም። ከ140 በ90 ጀምሮ ከፍተኛ ነው፤ ግን በአንድ ልኬት አይፈረድም። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ከዚያ ተለኩ። ቡና ጠጥታችሁ ወይም በርጫ ላይ ውላችሁ አትምጡ፤ ጫት ራሱ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል። የድሬ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን እንደሚያዞርብኝ አውቃለሁ። ያዙር።

ተራራውን ተዉ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያ ሰው ልጆቹን ከስልካቸው ነጥቆ ያሳያቸው ነገር ዛሬ የቤቱ ወሬ ነው። ለቅሶ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ሥራው ሳይሆን "አንድ ቀን ወስዶኝ" እያለ ነበር የሚያወራው። ድንኳኑ ውስጥ ሼኩም ቄሱም እኩል ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

አርባው ባለፈ ማግስት ቦርሳዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሁሉንም በየተራ አስቀምጬ ለካሁ። ትልቁ ልጅ 26 ዓመቱ ነው፤ እንደ አባቱ ሸንቃጣ። 152 በ96። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ የእኔን ለካሁ። በሌላ ቀን ደግሜ፣ በሌላ ቀን ሠልሼ ለካሁት። ያው ነው። ሐኪም አየው፤ መድኃኒት ጀመረ። አሁን ታናናሾቹን ይዞ ተራራ የሚወጣው እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቁንዱዶ ሊሄዱ ሲሰናዱ ደወልኩለት። "ክኒንህን ይዘሃል?"

"በሩ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሲስተር" አለኝ።